የጋቢናው ፍርድ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ረመዳን ለልጆቹ የዒድ ልብስ ሊገዛ ታይዋን የሚባለው ገበያችን ወሰደኝ። ከነጋዴ ጋር የሚከራከርበት አፍ ስለሌለው ገበያ ሲሄድ ሁሌ እኔን ያስከትላል። ከቤት ወጥተን መኪናው ጋ ስንደርስ ሁለቱ የልጅ ልጆቼ፣ ሀናንና ኢልያስ፣ በፊተኛው በር ላይ ተያያዙ። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ ኋላ እግሬን ዘርግቼ ነው የምቀመጠው፤ የፊቱ ቦታ ባዶ ነው። ቀድማ የደረሰችው ሀናን ናት፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ኢልያስ በክርኑ ገፋት። እሷም አልተኛችለትም፣ የሸሚዙን አንገት ጨምድዳ ያዘችው። ረመዳን ታዲያ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ፣ ቁልፉን እየፈለገ፣ «ሀናን፣ ተይው በቃ። አንቺ ትልቅ አይደለሽም? ኋላ ግቢ» አላት።

ልጅቷ በሩን ለቀቀች። ኋላ ገባችና አጠገቤ ቁጭ ብላ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ኢልያስ ከፊት ሆኖ በመስታወቱ ምላሱን አወጣባት። እኔ ደሜ ከእግር ጥፍሬ ተነስቶ አናቴ ላይ ወጣ።

«አቁም!» ብዬ ጮህኩ።

መኪናው ገና አልተነሳም ነበር።

«እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለ ረመዳን ደንግጦ።

«ማን ቀድሞ እንደደረሰ ጠይቀሃል?»

«አቦ እማ! የልጅ ጠብ ነው እኮ።»

የልጅ ጠብ! ታይዋን እስክንደርስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ከነጋዴውም ጋር እንደ ወትሮዬ አልተከራከርኩም፤ የጠራውን ዋጋ ከፍለው ወጡ። ልጄ ምን እንዳስቆጣኝ እንዳልገባው አውቃለሁ። እንዴት ይግባው? የእኔ ቁጣ ከእሱ በዕድሜ ይበልጣል።

አባቴ ሹፌር ነበር። ሰው፣ ከሰል፣ ጫት፣ ፍየል፣ ያገኘውን ሁሉ ከድሬዳዋ ደንገጎ፣ ከደንገጎ ሐረር የሚያመላልስባት አሮጌ ላንድሮቨር ነበረችው። ኋላዋ በሸራ የተሸፈነ ነው፤ ግራና ቀኝ የእንጨት አግዳሚ ተመትቶበታል። እዚያ የተቀመጠ ሰው ናፍጣ ይሸተዋል፣ የፍየል ሽንት ይሸተዋል፣ ሸራው በፀሐይ ሲግል ደግሞ የገዛ ራሱ ላብ ይሸተዋል። ከፊት፣ ከሹፌሩ አጠገብ፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ ቦታ አለች፤ መሃሉን የመፍቻ ሳጥኑ ይዞታል። ጋቢና የምንላት እሷን ነው። ጋቢና ነፋስ አለ። ጋቢና መንገዱ ከፊትህ ይመጣል። ኋላ የተቀመጠ ሰው የሚያየው መኪናዋ ትታው የሄደችውን መንገድና አቧራውን ነው።

በሥራ ቀን ጋቢና ለተሳፋሪ ነው፤ በዚያ ቅሬታ አልነበረኝም። በዒድ፣ በሰርግ፣ ወይም የእናቴ ቤተሰቦች ወዳሉበት ወደ ሐርላ በምንሄድበት ጊዜ ግን ጋቢና የወንድሜ የጀማል ነበረች። ጀማል በአንድ ዓመት ያንሰኛል። እናቴ ትንሿን እህታችንን አዝላ፣ እኔና ትንሹ ወንድማችን ሙክታር ግራና ቀኝ ሆነን፣ ኋላ ከስኳሩና ከሀላዋው ካርቶን ጋር እንታጨቃለን። መኪናዋ ባዘነበለች ቁጥር ካርቶኑ እግራችን ላይ ይወጣል።

ለመጣላት ምክንያት ጠፍቶን አያውቅም። ከጣፋጩ ሙሸበክ ማን ትልቁን ወሰደ፣ ማን የማንን ጫማ ረገጠ፣ ማን ማንን አየ። አዎ፣ ማየትም ያጣላል፤ «እማ፣ እያየኝ ነው!» ተብሎ ስንት ጊዜ ተለቅሷል። ስንጣላ አባቴ መሪውን እንደያዘ ወደ ኋላ የሚወረውራት አንዲት ቃል ነበረችው።

«ልጆችሽን ያዢ!»

ስንጣላ የእናቴ ልጆች ነን። ቁርዓን ስናሳምር፣ ሰው ሲያመሰግነን የእሱ ነን። እናቴ በኦሮምኛ ትቆጣናለች፣ አባቴ በሶማልኛ ይጮሃል፣ እኛ በአማርኛ እንሰዳደባለን፤ ድሬ እንዲህ ናት፣ ለየሥራው የየራሱ ቋንቋ አለው። የእናቴ ቁጣ ካልበቃን ግን አባቴ ፍሬን ይይዝና መኪናዋን ከመንገድ አውጥቶ ዛፍ ሥር ያቆማታል። ያኔ ሁላችንም እንወርዳለን። ችሎት ነው።

ይህን ከአባቱ አገር ያመጣው ነው፤ እዚያ ወንዶች ሲጣሉ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነው የሚዳኙት። «አባት በልጆቹ መሃል ዳኛ መሆን አይችልም፣ ያዳላል» ይል ነበር። ስለዚህ በመንገዱ መጀመሪያ ያለፈውን ሰው ይጠራል። ግመል ነጂ ይሁን፣ ከሰል ሻጭ፣ የማይተዋወቁ ይሁኑ፣ ግድ የለውም። ሰላምታ ይሰጠዋል፣ ከጫቱ ይዘግንለታል፣ «ወንድሜ፣ እነዚህን ዳኝልኝ» ይለዋል። ሰውየውም፣ አይገርማችሁም፣ ሥራውን ትቶ ይቀመጣል! አንድ ጊዜ ከሁርሶ ማሠልጠኛ ለእረፍት የወጣ ወታደር አገኘን። ክርክራችንን እንኳ ሳይጨርስ ሦስታችንንም ፀሐይ ላይ አሰልፎ ቁጭ ብድግ አሠራን። ሙክታር ወድዶት ቤት ከገባንም በኋላ ቁጭ ብድግ ሲል ሰነበተ።

ችሎቱ ሕግ ነበረው። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። የተፈረደውን ደግሞ የሚሰብር የለም። «ፍርድ የሰበረ ከእኔ መኪና ይወርዳል» ይል ነበር አባቴ፣ ጣቱን ቀስሮ። ይህንን ለተሳፋሪዎቹ ሁሉ ያወራው ነበርና ከድሬ እስከ ሐረር ያለ ሰው «ልጆቹን በመንገደኛ የሚያስዳኝ ሹፌር» ብሎ ያውቀዋል። ኩራቱም ይህ ነበር።

እኔ ግን አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። የሙሸበኩ ጠብ ሲሆን ፍርዱ አንዴ ለእኔ አንዴ ለእነሱ ይሆናል። የጋቢና ጠብ ሲሆን ግን ሁሌም አንድ ነው። ዳኛው እኔን ያያል፣ ጀማልን ያያል፣ «ወንድ ልጅ ከአባቱ አጠገብ ነው፤ አንቺ ደግሞ ትልቅ ነሽ፣ ተይለት» ይላል። ሴት በመሆኔ አነስኩ፤ ትልቅ በመሆኔ ደግሞ የምለቀው እኔ ነኝ። ከየትኛውም በኩል ብመጣ ተሸናፊ ነኝ። ለምን እንደምፈልገው የጠየቀኝ ሰው ግን አልነበረም።

የአረፋ ዒድ ነበር፣ ክረምት ላይ። አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሌሊቱን ዘንቦ የደቻቱ ወንዝ አሸዋውን አጥቦ አልፏል፤ ጠዋት ግን የድሬ ፀሐይ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ወጥታ ታቃጥላለች። ከሰላት መልስ አዲስ ልብሳችንን ለብሰን ወደ ሐርላ ተነሳን። ጀማል ያው ጋቢና ነው። ከጋቢናው ጀርባ ሹፌሩ ኋላ የሚያይባት መስታወት የሌላት መስኮት አለች፤ በእሷ ፊቱን ብቅ እያደረገ ይነዘንዘኛል።

«ጭነት! ዋ ጭነት! ተመችቶሻል?»

ፊቴን ወደ ሸራው አዞርኩ።

«አባ፣ ጭነቱ አኩርፏል። እንዳይበላሽ!»

ሙክታር ሳቀ። እናቴ እንኳ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ እጄን በመስኮቷ አስገብቼ የአዲሱን ሸሚዝ ኮሌታ ያዝኩና ጎተትኩት። ጀማል ጮኸ። መኪናዋ ወደ ገደሉ በኩል ሸሸት አለች።

«ልጆችሽን ያዢ!» አለ አባቴ።

«እጄ ሁለት ነው» አለች እናቴ።

አባቴ ዛፍ ሥር አቆመ። ወርደን ቆምን። ግን ዒድ ነውና መንገዱ ጭር ብሏል፤ ወንድ የተባለ ሁሉ ቤቱ ሥጋ ይበላል። ጠበቅን። በመጨረሻ ከታች በኩል አንዲት ሴት በቆርቆሮ ባልዲ በለስ ሞልታ በራሷ ተሸክማ ብቅ አለች። አባቴ እንዳላያት ሆኖ ከእሷ ወዲያ ማየት ጀመረ።

«ሰው መጣ እኮ» አልኩ።

«የታለ?»

«ይቺውና!»

«እሷ በለስ ትሽጥ» አለ። «ሴት ችሎት ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም።»

ከዚያ እናቴ ተናገረች። እናቴ በችሎት ተናግራ አታውቅም። «መጀመሪያ ያለፈ ሰው ነበር ያልከው። ይቺ ምንድናት፣ ደመና ናት?»

አባቴ ሌላ መንገደኛ ቢመጣ ብሎ አንገቱን ግራና ቀኝ አዞረ። ማንም የለም። ሴትየዋን ጠራት። ስለ እኛ ሲነግራት ባልዲውን ሳታወርድ ሰማችው፤ ከዚያ አውርዳ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች። ደግ ፊት አልነበራትም። የቸኮለች፣ እግሯን እሾህ የወጋት፣ የደከማት ሴት ነበረች።

«ፍጠኑ በሉ፣ ፀሐዩ እየበረታ ነው» አለች።

ጀማል ቀድሞ ተናገረ። «ወንድ ነኝ። ሳድግ ሹፌር ስለምሆን መንገድ ማጥናት አለብኝ።» አባቴ ያስጠናው ንግግር ነው፤ በደንብ ተናገረው።

ሴትየዋ ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ? ማል በርባዳ? ምንድነው የምትፈልጊው?»

«ጋቢና።»

«እሱን ሰማሁ። ገብተሽ ምን ልታደርጊበት ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅቼ አላውቅም። «ማርሽ ሲቀየር ማየት እፈልጋለሁ» አልኩ። «ኋላ ሆኜ በጆሮዬ ብቻ ነው የምሰማው። ዳገቱ ሲጀምር ሁለተኛ ያስገባል፤ ከመታጠፊያው በፊት ሞተሩ ሲያቃስት ደግሞ አንደኛ። ድምፁን አውቄዋለሁ፣ እጁን ግን አላየሁትም። መንዳት መማር እፈልጋለሁ።»

አባቴ ሳቀ። ተናዶ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ፣ በመኪናዋ አፍንጫ ላይ ተደግፎ ሳቀ። ጀማልም አባቴን አይቶ ሳቀ። «ሰማሽ ዘሃራ? ሹፌር ወልደሻል!» አላት እናቴን። እናቴ አልሳቀችም። ሴትየዋም አልሳቀችም፤ ለእኔ አዝናም አይመስለኝም፣ እግሯ ላይ ያለውን እሾህ ነበር የምታየው።

«መኪና መንዳት አላውቅም» አለች። «አንድ ወንበር ነው፣ ልጆቹ ሁለት ናቸው። ስትሄዱ እሱ ይቀመጥ፣ ስትመለሱ እሷ። አለቀ። በለስ ትወስዳላችሁ ወይስ ልሂድ?»

ያን ቀን ሐርላ ምን እንደበላሁ አላስታውስም። ሌላ ጊዜ ከዘመዶቻችን ልጆች ጋር የድሮውን ፍርስራሽ ስንቆፍር፣ ዶቃ አገኘሁ አላገኘሁ ስንባባል ነበር የምንውለው። ያን ዕለት ከመኪናዋ አልራቅኩም። በጋቢናው መስኮት እጄን አስገብቼ የማርሹን ዘንግ ነካሁት፤ እጀታው ከመያዝ ብዛት ለስልሶ እንደ ወንዝ ድንጋይ ሆኗል። ፀሐይዋ ዞር እስክትል ድረስ ተራዬን ስጠብቅ ዋልኩ።

ወንዶቹ ግድግዳ ጥላ ሥር ጫት ይዘው ተቀምጠዋል። አባቴ ሊያስቃቸው ብሎ የጠዋቱን ችሎት አወራላቸው። ሳቁ። ነገር ግን ከእናቴ ወንድሞች አንዱ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው ነው፣ «ታዲያ ዋሪያ፣ ሴት ልጅህን ጋቢና አድርገህ ወንዱን እንደ ፍየል ኋላ ጭነህ በድሬ መሃል ልታልፍ ነው?» አለው። ከመጀመሪያው የበለጠ ተሳቀ። አሁን ግን የሚሳቀው በአባቴ ነው። ከመኪናዋ አጠገብ ሆኜ ፊቱን አየሁት። ፍርዱን እንደሚሰብር ወዲያው ገባኝ።

ቢሆንም መነሻችን ሲደርስ ማንም ሳይቀድመኝ ገባሁና ጋቢና ተቀመጥኩ። አባቴ መጥቶ በሩን ከፈተ። ወንዶቹ ሊሸኙን ቆመዋል።

«ውረጂ» አለኝ።

«የእኔ ተራ ነው። ተፈርዷል።»

«እሱ የጨዋታ ነገር ነው። ውረጂ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ።»

የጨዋታ! በዚያ ጨዋታ ስንት ጊዜ «ተይለት» ተብዬ ትቻለሁ! በዚያ ጨዋታ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብድግ ብያለሁ! ጀማል ሲረታ ሕግ ነው፤ እኔ አንድ ቀን ብረታ ጨዋታ ሆነ።

«ፍርድ የሰበረ ከመኪናዬ ይወርዳል ብለሃል» አልኩት። «እንግዲያው አንተ ውረድ!»

ማኘክ ሁሉ ቆመ። የወንዶቹ ጉንጭ እንደተወጠረ ቀረ። እኛ ድሬዎች አንቱታ አንወድም፣ አባታችንንም አንተ እንላለን፤ ግን አባቷን ከገዛ መኪናው ውረድ ያለች ልጅ ከእኔ በፊት የነበረች አይመስለኝም። ክንዴን ይዞ አወረደኝ። አልመታኝም። ጀማልን «ግባ» አለው። ጀማል ገባ፣ ዓይኑን ግን መሬት ላይ አድርጎ ነበር።

እኔ ኋላ አልገባሁም። መንገዱን ይዤ ቁልቁል ወደ ድሬዳዋ መሄድ ጀመርኩ። ከጀርባዬ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። «ተዋት፣ ራሷ ትመለሳለች። ዘሃራ፣ ግቢ፤ ልጆችሽን ያዢ!» ከዚያ ደግሞ እናቴ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፦

«ዛሬ አንተ ያዛቸው።»

ዞር ስል ሕፃኗን እንዳዘለች፣ ነጠላ ጫማዋን ጧ ጧ እያደረገች ትከተለኛለች።

አባቴ በአጠገባችን ሲያልፍ ቀስ እንኳ አላለም። ጥሩንባውን አስጮኸ፣ በአቧራ ሸፈነን፣ ታጥፎ ጠፋ። ሙክታር ከኋላ ብቻውን ሸራውን ገልጦ እጁን ያውለበልብልን ነበር።

ቁልቁል ሄድን። የክረምቱ ሣር ከመንገዱ ዳር በቅሏል፤ ዝንጀሮዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩናል። እናቴ እየቆየች ጫማዋን ትረግማለች፣ ጠጠሩን ትረግማለች። ለእኔ ብላ መውረዷ ልቤን ነካውና «እማ፣ አላህ ይስጥሽ» አልኳት።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም» አለችኝ። ተቆጥታለች። «ከተጋባን ጀምሮ ልጆችሽን ያዢ፣ ልጆችሽን ያዢ! አንድ ቀን እንኳ በዚያ መኪና መንገድ አይቼ አላውቅም፣ የእናንተን ጭንቅላት ነው የማየው። እስኪ እሱ መሪውንም ልጆቹንም ይያዝ!»

ብዙ ሳንሄድ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ከኋላችን መጥቶ ቆመ። ሹፌሩ ሽበታም ሰው ነው። ከላይ አንገቱን አውጥቶ «እህቴ፣ በዒድ ቀን ልጅ አዝሎ በእግር? የማን ቤተሰብ ናችሁ?» አለ።

«መኪና ያለው ሰው ቤተሰብ ነን» አለችው እናቴ።

ሰውየው ምንም ሳይጠይቅ በሩን ከፈተልን። ጋቢና! የጭነት መኪና ጋቢና ደግሞ እንደ ሰገነት ነው። እናቴ በመስኮቱ በኩል፣ እኔ መሃል፣ ከማርሹ ጎን። ዳገቱን ቁልቁል ስንወርድ መንገዱ ሁሉ ከፊቴ ተዘረጋ፤ በጆሮዬ የማውቃቸው መታጠፊያዎች አንድ በአንድ መልክ እያወጡ መጡ። ሹፌሩ ዓይኔ ከእጁ እንዳልተነቀለ አየና «ምንድነው የምታይው?» አለኝ።

«ማርሹን።»

«እዪው እንግዲያው» አለ። አልሳቀም። ከዚያ በኋላ ማርሽ በቀየረ ቁጥር እጁን ትንሽ ያዘገየው ነበር።

ወደ ታች ስንቀርብ የአባቴን መኪና አየናት። ከመንገድ ወጥታ ቆማለች። አባቴ መሬት ላይ ቆሞ በአንድ እጁ የጀማልን ጆሮ፣ በሌላው የሙክታርን ጆሮ ይዟል፤ ሁለቱም ያለቅሳሉ፤ የጀማል አዲስ ሸሚዝ እጅጌው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ሙክታር ብቻውን አልቀመጥም ብሎ በመስኮቷ ሾልኮ ጋቢና ገብቶ ኖሯል፤ ጀማል ሊያወጣው ሲታገል ክንዱን ነክሶታል። አጠገባቸው ሁለት ግመል ነጂዎች ቆመው ያያሉ። አባቴ ግን ዳኛ ለመጥራት ባዶ እጅ አልነበረውም።

«ይህ የእናንተ ሰው ነው?» አለ ሹፌሩ፣ እግሩን ከነዳጁ እያነሳ።

እናቴ ሻሿን አስተካከለች። «አታቁም» አለችው።

አላቆመም። አባቴ ቀና ሲል እናቴንና እኔን ከላይ፣ ጋቢና ተቀምጠን፣ አየን። እናቴ ወደ ፊት ነበር የምታየው። እኔ ግን አየሁት፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እንዴት ባማረ። ሰዎች ሲጠይቁኝ እዚህ ላይ ነው የማቆመው፤ ስቀን እንለያያለን። ግን አላለቀም። አባቴ ዛፍ ሥር መኪና አቁሞ መንገደኛ መጥራቱ ያን ቀን ቀረ። ያ ሁሉ የሚኮራበት ችሎት አንድ ጊዜ ለሴት ልጁ ስለፈረደ ተዘጋ። በሚቀጥለው ዒድ ወንዶቹን ብቻ ጭኖ ሐርላ ሄደ። «ሴቶቹ ቤት ይሁኑ፣ መንገዱ ያደክማቸዋል» አለ። እናቴ ቤተሰቦቿን ለማየት ከዚያ በኋላ በሰው መኪና ነበር የምትሄደው። እኔ እዚያች ላንድሮቨር ውስጥ ዳግመኛ አልተቀመጥኩም፣ ጋቢናም ኋላም።

ከዓመታት በኋላ የአባቴ ዓይን ሲደክም መሪውን ጀማል ይይዛል ተብሎ ተጠበቀ። ጀማል አልፈልግም አለ። አባቴ ለአንድ የሁርሶ ሰው ሸጣት። እኔ እዚያው ቤት ነበርኩ፣ ጉልበቴ ደህና፣ ዓይኔ እንደ ጭልፊት። ለሰውየው ቁልፉን ሲሰጥ ሻይ ያቀረብኩት እኔ ነኝ። «አንቺስ?» ያለኝ የለም። መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ አዲሱ ባለቤት ማርሹን አንገጫገጨው። አባቴ ጥርሱን ነከሰ። እኔም ነከስኩ። ጎን ለጎን ቆመን አንድ ድምፅ ሰምተን አንድ ላይ ጥርሳችንን ነከስን፣ እሱ ግን ወደ እኔ አልዞረም።

አባቴ ከሞተ ቆይቷል። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ዱዓ አደርግለታለሁ፣ ከልቤ ነው። ድካሙን አውቃለሁ፣ በዚያች መኪና ነው ያሳደገን። ነገር ግን ሰዎች «ሙት አይወቀስም» ሲሉኝ እናደዳለሁ። ታዲያ ማንን ልውቀስ? ያ ሳቅ እኮ አብሮት አልተቀበረም።

ታይዋን የሄድን ቀን ጀማልን ሱቁ አገኘሁት። እሱ ዛሬ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል፣ ሆዱ ገፍቷል። የልጅ ልጆቼን ጠብ ነገርኩትና የጥንቱ ተነሳ። «ፋጤ» አለኝ እየሳቀ፣ «እኔ ጋቢና እኮ አልወድም ነበር። ከፊት ስቀመጥ መንገዱ ይዞርብኛል፣ ያጥወለውለኛል። ዛሬም መኪና አልወድም።»

«ታዲያ ለምን ትጣላኝ ነበር?»

«አንቺ ስለምትፈልጊያት ነዋ! ደግሞ አባ ተቀመጥ ይላል። የጠየቀኝ ማን አለ?»

በእጄ የያዝኩትን ቁራጭ ጨርቅ ወረወርኩበት። ስቄ ይሁን ተናድጄ፣ እኔም አላውቀውም። አንዲት ወንበር ናት፤ የሚፈልጋት ኋላ ተጭኖ፣ የማይፈልጋት ከፊት ሆዱን ይዞ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጣን ወረድን።

ማታ ረመዳን ከቤቱ ደወለ። ልጄ ጥሩ ሰው ነው፣ አኩርፌ እያለሁ እንቅልፍ አይወስደውም። «እማ፣ ምን አጠፋሁ? ንገሪኝ» አለ።

«ሀናንን ለምን ፊት መቀመጥ እንደምትፈልግ ጠይቃት» አልኩት። «ሌላ ምንም አልልህም።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ስልኩን ሳይዘጋ ሲጠራት ሰማሁ። የልጅቷ ኮቴ፣ ከዚያ የእሱ ጥያቄ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ምን ልትል ነው? ሹፌር ልሆን? ፓይለት? እኔ ለስልሳ ዓመት ያህል የተሸከምኩትን ነገር እዚያች ልጅ አፍ ውስጥ ስጠብቅ ነበር።

«እማ» አለ ረመዳን ተመልሶ፣ ሳቁን እየያዘ፣ «ኤሲው ፊት ነው የሚደርሰው፤ ኋላ ይሞቃል ነው የምትለው።»

«ሞቆኛል በላት!» ስትል ከኋላ ሰማኋት። «አያቴም እኮ ሞቋት ነው የጮኸችው!»

ኤሲ። ድሬዳዋ ላይ፣ በዚህ ሙቀት! ምን የሚያስቅ ነገር አለው?

«ልክ ናት» አልኩት ልጄን። «ነገ መኪናው ጋ ስትደርሱ ሳትስቅ መልስ ስጣት።»